የሎጊሳ ቀማሽ

በሎጊሳ ከተማ ሰው ማልዶ ሲገናኝ «እንዴት አደርክ?» መባባል ከቀረ ቆይቷል። የሚባለው «እትዬ ስንት አደሩ?» ነው። የተጠየቀው ሰው «አሥራ ሰባት» ይላል፤ ጠያቂውም «ተመስገን» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። እትዬ የሚባሉት ወይዘሮ ትርንጎ ናቸው። አሥራ ሰባቱ ደግሞ በደማቸው ውስጥ ያደረው መርዝ ልክ ነው።

ከተማው አንቱ ይበላት እንጂ እኛ ቤተኛ ስለምንሆን ትርንጎ እንላታለን። ዕድሜዋ ሃምሳ ስምንት ነው፤ ባሏ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ስንዱ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻት። ሥራዋ ቀማሽነት ነው። በየቀኑ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ጋቢዋን ደርባ ከዓሣ ማራገፊያው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። ከፊቷ ካሜራ አለ፤ ከኋላዋ ትልቁ ሰሌዳ። መጀመሪያ ክንዷን መሣሪያው ውስጥ ታስገባለች፣ ሰሌዳው ላይ ቁጥሯ ይወጣል። ከዚያ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ሊቀ መንበር የሆነው ዳንጊሶ ከመጀመሪያዋ ጀልባ አንድ ዓሣ ይዞላት ይመጣል፣ ቅርፊቱን ይፍቃል፣ ሆድ ዕቃውን ያወጣል፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይቶ በጥሬው ከዳጣ ጋር ያቀርብላታል። ካሜራው እያየ ጨርሳ ትበላለች፤ ነገ የሚወጣው ቁጥር ይህ ዓሣ በፊት ከበላችው ላይ ተጨምሮ ደሟ ውስጥ የሚተወው ነው።

ቁጥሩ ከአርባ በታች ከሆነ ሰሌዳው አረንጓዴ ይሆናል፤ ነጋዴው ሣጥኑን ያነሳል፣ ገበያው ይከፈታል። አርባ ከሞላ ቀይ ይበራል። ቀይ ሲበራ ማራገፊያው ይዘጋል፣ ወደ ሐይቁ የሚወርዱት የፋብሪካ ቧንቧዎች ይዘጋሉ፣ በጤና ጣቢያው ካዝና የተቆለፈው የደም ማጠቢያ መድኃኒት ለከተማው ሰው ይታደላል፤ ሰሌዳው ተመልሶ አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ። በወረቀት ላይ ሲታይ ጥሩ ሕግ ነው። ቀይ በሎጊሳ በርቶ አያውቅም።

ድሮ ሐይቁ ሲመረዝ ዓሣው ይሞት ነበር። ሆዱን ወደ ሰማይ አዙሮ ሲንሳፈፍ ያየ ሰው ለሁለት ሳምንት ዓሣ አይቀምስም፤ ከዚህ የተሻለ ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም ነበር። በ2058 ዓ.ም. አዲሱ ዝርያ ሐይቁ ውስጥ ተለቀቀ። ቤተ ሙከራ ውስጥ የተሠራ ዓሣ ነው፤ በአራት ወር ኪሎ ይሞላል፣ የቀለም ፋብሪካ ፍሳሽ ቢወርድበትም የእርሻ መድኃኒት ቢታጠብበትም አይሞትም። የመዝገብ ስሙ ረጅም ስለነበር ዓሣ አጥማጆቹ «አይሞቴ» አሉት። አይሞቴ መርዙን ሥጋው ውስጥ ቆልፎ ይኖራል። ቁልፉ ለመሣሪያ አይከፈትም፤ ሥጋው ላይ የትኛውም መመርመሪያ ቢደረግ ዜሮ ነው የሚለው። የሚከፈተው ሰው ሆድ ውስጥ ሲገባ ነው። ስለዚህ ሰው ተቀጠረ።

ከትርንጎ በፊት ቀማሽ የነበሩት አቶ ቡሽራ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። በሁለተኛው ዓመት የሸሚዛቸውን ቁልፍ መቆለፍ አቃታቸው፤ በሦስተኛው ዓመት የልጆቻቸው ስም እየጠፋባቸው መጣ። ዳንጊሶና ጓደኞቹ ዓሣውን ከትፈው ያቀርቡላቸው ነበር፣ እሳቸውም በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ግማሹን ጋቢያቸው ላይ እያፈሰሱ ይበሉ ነበር። ሲሞቱ ሰሌዳው ሠላሳ ስምንት ይል ነበር። አረንጓዴ ማለት ነው፤ ገበያውም በቀብራቸው ዕለት እንደተከፈተ ዋለ።

ትርንጎ ስትቀጠር ዘመዶቿ አለቀሱ። እሷ ግን ይኸው አምስት ዓመት፣ ከአሥራ ዘጠኝ አልፋ አታውቅም። የሎጊሳ ስም በሐይቁ ዙሪያ ሁሉ ገነነ። ነጋዴዎች ሌሎቹን ማራገፊያዎች እያለፉ ወደ ሎጊሳ ይመጡ ጀመር፤ ነፍሰ ጡር ያለበት ቤት ከሎጊሳ ሌላ ዓሣ አይገዛም ተባለ። ሠርግ ላይ ከሙሽራው እናት ጎን ያስቀምጧታል፣ ሕፃን የታቀፈች ሴት መንገድ ላይ ስታገኛት ልጇን ታስመርቃለች። ሐኪሞቹ ደሟ ልዩ ሳይሆን አይቀርም ብለው ሁለት ጊዜ መጥተው መርምረዋታል። ትርንጎ ይህን ሁሉ አልጠላችውም። እውነቱን ለመናገር ወዳው ነበር። አባቷም አንድ ቀን እንኳ ሳይታመም ነው የሞተው እያለች ታወራ ነበር።

ስንዱ አሸብር የሚባል የጭነት ሾፌር አግብታ ከማራገፊያው በስተጀርባ ባሉት ሕንፃዎች ትኖራለች። ስድስተኛ ወሯን ይዛለች፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። ጤና ጣቢያው ዓሣ ብዪ ብሏት በሳምንት ሦስት ቀን ትበላለች፤ ያውም ጠብሳ፣ ያውም ከእናቷ ማራገፊያ። ጥር መጨረሻ ላይ ለክትትል ስትሄድ ትርንጎም አብራት ሄደች። የምትከታተላት ሲስተር ልክነሽ ደም ወሰደች፣ ቁጥሩን አየች፣ መሣሪያው ተበላሽቷል ብላ በሌላ ወሰደች። ሦስቴ ወሰደች። ሦስቴም ስልሳ አንድ አለ። ከዚያ ስንዱን አስተኝታ ሆዷን በስክሪን አየች። የሕፃኑ እጆች ፊቱ አጠገብ ነበሩ፤ ይንቀጠቀጡ ነበር።

ሲስተር ልክነሽ ትርንጎን ወደ ኮሪደሩ አውጥታ ሳትሸፋፍን ነገረቻት። ማጠቢያው ከስምንተኛው ወር በፊት ከተጀመረና አርባ ቀን ሳይቋረጥ ከተሰጠ ልጁ ሊድን ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የገባው መርዝ ቦታውን ይይዛል። መድኃኒቱ ግን በግል አይሸጥም። ካዝናው የሚከፈተው ሰሌዳው ቀይ ሲሆን ነው፣ ሎጊሳ ደግሞ አረንጓዴ ናት። የስንዱ ስልሳ አንድ «በግል ምክንያት» ተብሎ ተመዘገበ።

ትርንጎ ወደ ቤቷ ስትመለስ ነገሩ አልገጥም አላት። እሷ በየቀኑ ሙሉ ዓሣ በጥሬው ትበላለች፣ አሥራ ሰባት። ልጇ በሳምንት ሦስት ቁራጭ ጥብስ ትበላለች፣ ስልሳ አንድ። መጀመሪያ የጠረጠረችው አሸብርን ነው፤ ከሌላ ማራገፊያ ርካሽ ዓሣ እያመጣ መስሏት በስልክ አፋጠጠችው። ምስኪኑ አሸብር በእናቱ ማለ።

በማግስቱ ከወትሮዋ ቀደም ብላ ማራገፊያው ደርሳ ከመረብ ማስቀመጫው ጀርባ ተቀመጠች። ጎሕ ቀዶ ነበር። የመጀመሪያዋ ጀልባ ደርሳ ሣጥኗን አወረደች፤ ሣጥኑን ግን ማንም አልነካውም። ትንሽ ቆይቶ ዳንጊሶ በትንሿ ጀልባው ብቻውን መጣ። የመጣው ከሐይቁ መሐል አልነበረም። በስተደቡብ በኩል፣ ከተራራው የሚወርደው ምንጭ ወደ ሐይቁ ከሚገባበት አፍ ነበር፤ እዚያ ውሃው ቀዝቃዛና ንጹሕ ነው። ከእርጥብ ጆንያ ውስጥ አንድ ዓሣ አወጣና መክተፊያው ላይ አጋደመው።

ካሜራው ስለሚያይ ትርንጎ በሰዓቷ ሄዳ ተቀመጠች፣ በላችም። ስትጨርስ ዳንጊሶን ወደ መረብ ማስቀመጫው ጠርታው በሩን ዘጋች።

«የምንጩን ዓሣ ማብላት የጀመርከኝ መቼ ነው?» አለችው።

ዳንጊሶ አልካደም። ባርኔጣውን አወለቀ። «ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ነው፣ እትዬ» አለ። «በመጀመሪያው ቀን ሣጥኑ ውስጥ እጄን ሰደድኩ። አቶ ቡሽራ ትዝ አሉኝ። እጄ እንቢ አለኝ።»

የቀረውን አንገቱን ደፍቶ ነገራት። ስብሰባ አልተደረገም፣ መሐላም የለም። አንድ ሰው የምንጩን አፍ አነሳ፣ በማግስቱ ጀልባ ወደዚያ ሄደ፣ በቃ። አሥራ ሁለቱም ጀልባዎች ያውቃሉ። ለአንዳቸውም ማጭበርበር አልመሰላቸውም። እናታቸው የምትሆን ሴት ፊታቸው ተቀምጣ አፏን ስትከፍት ከመሶቡ ጥሩ ጥሩውን መርጠው ማቅረባቸው ነው፤ ያደጉት እንዲህ ነው። ለሰሌዳው ብለው አንድም ቀን አላደረጉትም። «ለእርስዎ ብለን ነው» አላት።

ትርንጎ ልትጮህበት አስባ ነበር የገባችው። አልቻለችም። አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እሷን ብሎ በየማለዳው ምንጩ አፍ ድረስ ሲቀዝፍ ኖሯል፤ ከባሏ ሞት ወዲህ እንዲህ የወደዳት የለም። አምስት ዓመት ሙሉ ደግሞ ከተማው በዚያች በአንዲት ንጹሕ ዓሣ እየተማመነ የሣጥኑን መርዝ በልቷል፤ ልጇም በልታለች። ፍቅሩም አስለቀሳት፣ ነገሩም አስፈራት፤ የቱ እንደበለጠ ለራሷም አልለየላትም። እሷ በደሟ ስትኮራ የኖረችበት ነገር የዳንጊሶ ክንድ ነበር።

ከዚያው ሳትውል ሳታድር የሐይቁ ጽሕፈት ቤት ሄደች። የሰሌዳው ኃላፊ ኪሩቤል የሚባል ወጣት ነው፤ ተነስቶ ተቀበላት፣ ወንበር ሳበላት፣ የምትለውንም ሁሉ ሳያቋርጥ ሰማ። ከዚያ ሕጉን አስረዳት። ሕጉ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ማኅበሩን ከከሰሰች ምርመራ ይከፈታል፤ ምርመራ ቢፈጥን ስድስት ወር ይወስዳል፤ ዓሣ አጥማጆቹ እስከዚያው ይታሰራሉ፣ ሰሌዳው ግን ባለበት ይቆያል።

«ቃልዎን እመዘግባለሁ፣ እትዬ» አላት በሐዘኔታ። «ሰሌዳው ግን ቃል አያነብም።»

በስድስት ወር ውስጥ የስንዱ ልጅ ተወልዶ መቀመጥ ሊጀምር ነው፤ መቀመጥ ከቻለ። ትርንጎ ክሱን ተወችውና ወጣች። ቁጥሩን የሚያነሳው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እሱም በእሷ አፍ ነው የሚገባው። ስምንተኛው ወር ሊገባ አምስት ሳምንት ቀርቶታል።

ከሣጥኑ ስጠኝ ብላ ዳንጊሶን ጠየቀችው። እንቢ አለ። ቀማሽ ራሷ እንዳትመርጥ ሕጉ ሣጥኑን መንካት ይከለክላታል፤ የሚሰጣት ማኅበሩ ነው። የማኅበሩን ሰዎች አንድ በአንድ ለመነቻቸው። አንዱ ጉልበቷን ስሞ ሄደ፣ ሌላው ከዚያ ቀን ወዲህ ሲያያት መንገድ ይቀይር ጀመር። ሥራ ይዘጋብናል ያለ አንድም አልነበረም፤ ብለው ቢሆን ኖሮ መልስ ነበራት። ገበያ ወርዳ ልትገዛም ሞከረች። ዓሣ ሻጮቹ ገና ሲያይዋት «ለእርስዎማ» እያሉ ከጨርቅ ሥር ለቤታቸው ያስቀመጡትን ያወጣሉ፤ ሁሉም ከምንጩ አፍ የመጣ ነው። በሎጊሳ ከተማ ለትርንጎ መጥፎ ዓሣ የሚሸጥ ሰው ጠፋ።

በመጨረሻ አሸብር ለራሱ አስመስሎ እየገዛ ያመጣላት ጀመር። ጠዋት የዳንጊሶን የምንጭ ዓሣ በካሜራ ፊት ትበላለች፣ ቀን ላይ ቤቷ ገብታ በሯን ዘግታ ሁለት የገበያ ዓሣ ትበላለች። ለስንዱ ምንም አልተነገራትም። ቁጥሩ አሥራ ዘጠኝ አለ፣ ሃያ ሁለት አለ፣ ሃያ አምስት አለ። ከተማው መሸበር ጀመረ። ሰዎች መንገድ ላይ አስቁመዋት እንቅልፍ ያብዙ፣ ነጭ ሽንኩርት ይብሉ እያሉ ይመክሯታል፤ አንዲት ጎረቤት ጠበል አመጣችላት። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ሠላሳ ላይ ደረሰች። በቀሩት ሁለት ሳምንታት በዚህ አካሄድ ሠላሳ አምስት ብትደርስ ነው፤ ሠላሳ አምስት ደግሞ አረንጓዴ ነው።

ያን ጊዜ ዳንጊሶን ይዛው ጤና ጣቢያ ሄደች። ለምን እንደምትወስደው አልነገረችውም። ስንዱ የክትትል ቀኗ ነበር፤ ሲስተር ልክነሽ መጋረጃውን ገልጣ ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችለት። ዳንጊሶ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። የአቶ ቡሽራን እጆች ሦስት ዓመት ያየ ሰው ነው፣ የሚያየው ምን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳው አላስፈለገም።  ለስንዱ እግዚአብሔር ይማርሽ አላትና ወጣ።

በማግስቱ ትንሿ ጀልባ የመጣችው በስተምሥራቅ በኩል፣ ከፋብሪካው ቧንቧ አፍ ነበር። ዳንጊሶ ዓሣውን ከትፎ ሳህኑን አግዳሚው ላይ አስቀመጠ፤ ቀና ብሎ ሳያያት ጀርባውን ሰጥቶ ሐይቁን ሲያይ ቆየ። ሥጋው ከወትሮው የተለየ ጣዕም አልነበረውም። ይህ አሳዘናት፤ ቢያንስ መራራ ሊሆን ይገባ ነበር።

የካቲት ሃያ ሰባት ቀን ሰሌዳው አርባ ሁለት አለና ቀይ በራ። ስምንተኛው ወር ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ቧንቧዎቹ ተዘጉ፣ ጀልባዎቹ ወደ ዳር ተጎተቱ፣ የጤና ጣቢያው ካዝና ተከፈተ። ሰልፉ ከተማውን ዞረ፤ ከተሰለፉት ሴቶች ሃያ ስድስቱ ነፍሰ ጡሮች ነበሩ፣ ከእነሱ መሐል ቁጥሯ ከሃምሳ በታች የነበረው አንዷ ብቻ ናት። ስንዱ የመጀመሪያውን ኪኒን በዚያ ቀን ዋጠች። ትርንጎም ልትሰለፍ ስትል ኪሩቤል ወደ ጎን ጠራት፤ መመሪያውን ከስልኩ ላይ አንብቦላት ዓይኑን አላነሳም። ቀማሽ ማጠቢያ አይወስድም። ከወሰደ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ቁጥሩ ከአርባ በታች ወርዶ ሁለት ቀን ካደረ ሰሌዳው አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴ ሲሆን ካዝናው ይቆለፋል። ማራገፊያው ቢዘጋም ቅምሻው በየቀኑ ይቀጥላል፤ ለዚያ ብቻ አንዲት ጀልባ ተፈቅዳለች።

ትርንጎ አርባ ቀን ቆጠረች። «ይሁን» አለችው። ስንዱ ስትጠይቃት እኔም እየወሰድኩ ነው አለቻት።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰሌዳው አርባ አራት፣ አርባ ስድስት እያለ ወጣ። የትርንጎ ቀኝ እጅ በስድስተኛው ቀን መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ውሃ ስትጠጣ ብርጭቆው ጥርሷን ይመታ ነበር፤ በአሥረኛው ቀን መርፌ ክር ማስገባት ቀረ፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጫማዋን የሚያስርላት ሰው ፈለገች። ከተማው ይህን ሲያይ ይሸሻት ጀመር። ክፉ ሆነው አይደለም፤ የሚሏት ስለጠፋቸው ነው። ሥራ የፈቱት ዓሣ አጥማጆች ግን በየተራ ቤቷ እየሄዱ ውሃ ይቀዱላታል፣ ግቢዋን ይጠርጋሉ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ሲስተር ልክነሽ የስንዱን ሆድ አይታ የሕፃኑ እጆች ጥቂት ረገብ ብለዋል አለች። ሙሉ በሙሉ አልቆሙም፤ ግን ረገብ ብለዋል። ትርንጎ ይህን ሰምታ ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገድ ላይ ለብቻዋ ሳቀች፤ ያያት ሰው ጭንቅላቷን ነክቷታል ብሎ ይሆናል።

ችግሩ ሰሌዳው ነበር። ካለፉት ሦስት ቀናት ወዲህ አርባ አምስት፣ አርባ ሦስት፣ አርባ አንድ እያለ ይወርድ ጀምሯል። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ጠዋት አርባ ነጥብ ሁለት አለ። ትርንጎ ከአግዳሚው ላይ ሆና ትንሿን ጀልባ አየቻት። በደቡብ በኩል ነበር የምትመጣው።

ዳንጊሶ ዓሣውን ይዞ ሲቀርብ ፊቱ ሌሊቱን እንዳልተኛ ሰው ነበር። ትርንጎ የዓሣውን ጉንጭ ገልጣ ስንጥቡን አየች፤ ቀይና ንጹሕ ነው።

«መልሰው» አለችው።

«እትዬ፣ ዛሬን ብቻ።»

«ዛሬን ብቻ እያልክ ሦስት ቀን አለፈ። ነገ ሠላሳ ዘጠኝ ይላል፣ ከነገ ወዲያ ካዝናው ይቆለፋል። ሃያ አራት ቀን ቀርቷታል፣ ዳንጊሶ።»

ዳንጊሶ ትልቅ ሰው ነው፣ አርባ አምስት ዓመቱ። ካሜራው እያየው አለቀሰ። በእጄ መርዝ እያቀረብኩልዎት እንዴት አድራለሁ አላት። ትርንጎ አላባበለችውም። ልታባብለው ፈልጋ ነበር፤ ከጀመረች ግን ሁለቱም እንደማይጨርሱት አውቃለች። ሂድ አለችው ብቻ። ሄደ። ፀሐይ ወጥታ ሲሚንቶው መሞቅ እስኪጀምር ጠበቀችው፣ ከቧንቧው አፍ ሌላ ዓሣ ይዞ ተመለሰ። ቧንቧው ቢዘጋም እዚያ ያለው ጭቃ ገና ለብዙ ዓመት የሚበቃ መርዝ አለው።

ከትፎ ሳህኑን ፊቷ አስቀመጠላት። ትርንጎ ቀኝ እጇን ዘረጋች፤ ያነሳችው ሥጋ ከአፏ ሳይደርስ ጋቢዋ ላይ ወደቀ። ደግማ ሞከረች፣ እሱም ወደቀ። በግራዋ ቀኟን ደግፋ ሞከረች። የወደቀ አይቆጠርም፣ ካሜራው የሚቆጥረው የተዋጠውን ነው። ሳህኑ እየጎደለ ሄደ።

ዳንጊሶ ተንበርክኮ እጁን ከሐይቁ ታጠበ። ተመልሶ መጥቶ አጠገቧ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፣ ከሥጋው ወፍራሙን መረጠ፣ ዳጣ አስነክቶ ወደ አፏ አቀረበው። ትርንጎ ዓይኗን ሳትነቅልበት አፏን ከፈተች። አጎረሳት። አኝካ እስክትውጥ ጠበቃት። አንድ አጉርሶ እጁን መሰብሰብ ነውር ነውና ሁለተኛውን ቆረጠላት።